ሰባት ቤት በአውቶቡስ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት የማይተዋወቁ የአገራችን ሰዎች ዘመድ ሆነው ለመገኘት ግን ያን ሁሉ መንገድ አይፈጅባቸውም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በ130ኛው ኪሎ ሜትር፣ ነገሩ ያልቃል። እዚያ ካላለቀ አንደኛቸውን እንቅልፍ ወስዶት ነው።

በአንድ የጥር ማለዳ ለወዳጄ ሰርግ ወደ ደሴ ስሄድ የሆነውን ላውጋችሁ። የተሳፈርኩት ከላምበረት መናኸሪያ ነው። አውቶቡሱ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሁለት ወንበር ያለው፣ አገር አቋራጭ የምንለው ነበር። ለእኔ የደረሰኝ በሦስቱ በኩል መተላለፊያው ዳር ያለው ቦታ ነው። መስኮቱ ጋ አንዲት ወጣት፣ መሃል ላይ አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። እሷ በነርስነት ተመርቃ ደሴ ሥራ ልትጀምር ነው። እሱ ቀያሽ ነው፤ ጊዜው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ሥራ የደራበት ስለነበር ኮምቦልቻ ነበር የሚሠራው። ይህን ሁሉ ለእኔ ብሎ የነገረኝ የለም። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የተቀመጠ ሰው ግን አልሰማም ቢል ማን ያምነዋል?

እስከ ለገጣፎ ዝምታ ነበር። ሰንዳፋ ላይ ልጁ፣ "መስኮቱን ልዝጋልሽ?" አላት። መስኮቱ ዝግ ነበር። ልጅቷ ግን፣ "አመሰግናለሁ" አለችው። ያኔ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባኝ። በቅቤዋ የታወቀችው ሸኖ ስንደርስ የአንዱን ስልክ ማዳመጫ አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለው ዘፈን ይሰማሉ። ጫጫ ላይ ይሳሳቁ ጀመር። እኔ ጋዜጣ ዘርግቼ አንዱን ገጽ ብቻ ይዤ ቆየሁ።

ቁርስ ደብረ ብርሃን ነው። ይህ ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለምን እንደተተከለበት በማለዳ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ ማስረጃ ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ትኩስ ሻይ ጠጥተን፣ እየተንቀጠቀጥን ስንመለስ አንድ ተሳፋሪ ወርዶ በቦታው አንዲት እናት ተሳፍረዋል። ጋቢ ደርበዋል፤ በአንድ እጃቸው የቅቤ ባልዲ፣ በሌላው የገንፎ ዱቄት ይዘዋል። ኮምቦልቻ ያለች ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ነው። እማማ እንበላቸው። የተቀመጡት ከእኔ ማዶ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የአፋር ሰው ጎን ነው።

መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"ልጄ፣ አገርህ የት ነው?"

"አዲስ አበባ።"

"እሱማ መኖሪያህ ነው። አገርህን ነው የጠየቅኩህ።"

"አባቴ ከመንዝ ናቸው ይባላል።"

"ይባላል?" አሉ ደንግጠው። "የማን ልጅ ነህ?"

የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ የአያቴንም ጨመርኩ። መታወቂያ ላይ የሚጻፈው እስከዚያ ነው፤ እውቀቴም እዚያው ያልቃል። እማማ እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ትንሽ ነካክተው ተውኝ፤ አንገታቸውን በላዬ አሻግረው ልጁን ያዙ።

ልጁ ጉድጓዱን በገዛ እጁ ቆፈረ። የመንዝ ሰው የሆኑት አያቱ በልጅነቱ አስጠንተውት ኖሮ ከአባቱ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ድረስ ትንፋሽ ሳይወስድ ዘለቀው። እማማ ጉንጩን አገላብጠው ያልሳሙት እኔ መሃል ላይ ስላለሁ ብቻ ነው። "ይኼ ነው ሰው ማለት!" አሉ፣ እኔን እያዩ።

በዚህ ጊዜ ልጅቷ ማዳመጫውን እንደሰካች፣ "ውይ! የኔም አያት እኮ ከዚያው ናቸው!" አለች። ሁለቱ ተያይተው ፈገግ አሉ። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያን ያህል ያማረ ነገር አልነበረም፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ።

"አያትሽ ማን ይባላሉ?" አሉ እማማ። ነገረቻቸው። "በሞትኩት! እሱንማ አሳምሬ አውቀዋለሁ!" ካሉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ጣርማ በር ደረስን። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ መንገዱን፣ ገደሉን፣ ጭላዳውን ሁሉ ውጦታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ። ወደ ዋሻው ስንገባ ሁለቱ ወጣቶች አንድ ዘፈን በሁለት ጆሮ ይሰሙ ነበር። ከወዲያ ማዶ ብቅ ስንል ወንድምና እህት ሆኑ።

"አምስት ቤት ናችሁ" አሉ እማማ ዓይናቸውን ገልጠው። "ግራዝማች ላይ ትገናኛላችሁ። እኔን እግዜር ነው የላከኝ፤ ባልሳፈር ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር!"

የግራዝማቹን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ዘራቸው ብዙ ስለሆነ አንዱ ይህን ያነብ ይሆናል። ልጅቷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ በጨዋ ደንብ ለባለቤቱ መለሰችለት።

እስከ ሰባት ቤት ድረስ አይጋቡም የሚለውን ልማድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እማማን በተራ ሐሜተኛነት የሚጠረጥር ግን ይሳሳታል፤ ቆጠራው ድሮ ለጋብቻ ብቻ የተያዘ እውቀት አልነበረም። በርስት ዘመን አንድ ገበሬ መሬት የሚደርሰው ከቀደምቱ አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። ምንዥላቱን የረሳ ሰው እርሻውን እንደረሳ ይቆጠር ነበር። በየዳኛው ፊት ዘር እየተቆጠረ ሙግት ይኖራል፤ አንዱ ቆጣሪ አንድ ስም ቢዘል አንድ ማሳ ይሄዳል። ከዚያ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ርስቱ ተወረሰ። ቆጠራው ግን የሚወርሰው አላገኘም። እንደ እማማ ባሉ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ ሥራ የፈታ እውቀት ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ሥራ ይፈልጋል።

ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ሻጮቹ ልጆች መስኮቱን ከበቡት። የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ መንገደኛ አይቼ አላውቅም፤ ልጁም ሁለት ላስቲክ ገዛና አንዱን ወደ መስኮቱ እያቀበለ፣ "እንቺ… እህቴ" አለ። እንዲህ ያለ "እህቴ" ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ እንደ ጥርስ ተነቅሎ የወጣ ነው።

ከማዶ የአፋሩ ሰው እስካሁን ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። "እኔ አልገባኝም" አለ። "ዘመዳሞች ናቸው አላችሁ። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?"

"እሱ ነዋ ችግሩ!" አሉ እማማ።

"እኛ አገር ቢሆን ይኼ ሰርግ ነበር።"

አስረዳን። በአፋር አብሱማ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ወንዱ የአክስቱን ልጅ ያገባል፤ ለባዳ የምትሰጠው እሱ እምቢ ካለ ነው። እማማ አማተቡ። "አባቴና እናቴ አብሱማ ናቸው" አለ ሰውዬው፤ "እኔ ምን ሆንኩ?" እማማ ከእግር እስከ ራሱ በጥንቃቄ መረመሩትና፣ "ምንም አልሆንክም፤ እንዲያውም ቁመናህ ያምራል" ብለው እውነቱን መሰከሩ። ነገር ግን ብይናቸውን አላነሡም።

ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ ጋቢውም ሹራቡም ወለቀ። በሰዓት ተኩል ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ወርደን ሰዉ ሁሉ ላብ በላብ ሆኗል። ነገሩም ጋለ። አውቶቡሱ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወገን፣ "አምስት ቤት ዛሬ ማን ይቆጥራል?" ይላል፤ ሌላኛው፣ "ደም ነው፣ በኋላ በልጅ ይወጣል" ይላል። በመጨረሻ ፊት ወንበር የነበሩ አንድ ቄስ ከሽሯቸው ላይ ተጠሩ።

"አባ፣ አምስት ቤት ይጋባል ወይ?"

"ማን ነው የሚጋባው?"

"እነዚያ ሁለቱ።"

"ቀኑ መቼ ነው?"

"ኧረ አባ፣ ገና ዛሬ ጠዋት ነው የተያዩት!"

"ታዲያ እናንተን ምን አስቸኮላችሁ?" አሉና ወደ ሽሯቸው ተመለሱ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ጤነኛው ቃል ይህ ነበር፤ የሰማው ግን የለም። ረዳቱ ጡሩምባ እያስነፋ፣ "ወንድምና እህት ግቡ! ልንሄድ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ይግባኙ የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ባለመነጽር ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸው በንጉሡ ጊዜ የርስት ነገረ ፈጅ ነበሩ። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብለው ቆሙ። "በዚያ ስም የሚጠሩ ግራዝማቾች ሁለት ነበሩ። ሁለቱም የመንዝ፤ አንዱ የማማ ምድር፣ አንዱ የላሎ ምድር። የዚህ ልጅ የማማው ናቸው። የልጅቷ የላሎው ከሆኑስ? እንዲያውም ሁለቱ በርስት ተካስሰው አባቴ ቆመዋል።"

"ተካሰሱ?" አሉ እማማ በድል አድራጊነት። "ይኸው! ዘመድ ስለሆኑማ ነው የተካሰሱት! ባዳ ከባዳ ርስት ይካሰሳል?"

አውቶቡሱ በሙሉ፣ "እውነት ነው" ብሎ አጉረመረመ። የርስት ሕጉም እንደዚያ ነበር፤ የአንድ አባት ርስት የሚከራከሩት የዚያ አባት ልጆች ብቻ ነበሩ።

"ዘመድነታቸውን መቼ ካድኩ?" አሉ ባለመነጽሩ ረጋ ብለው። "የተገናኙት ግን ከሁለቱ ሦስት ቤት ወደ ላይ ነው። መዝገቡን አባቴ እየደጋገሙ ያነቡልኝ ነበር።"

ስለዚህ ሁሉም ነገር በልጅቷ አባት ላይ ተንጠለጠለ። ስልክ ደወለች። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ይደረግ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"አባዬ፣ ግራዝማቹ የማማ ናቸው የላሎ?"

ዝምታ። "ምነው ልጄ? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ? አጠገብሽ ማን አለ?"

"ማንም።"

ስልሳ የምንሆን "ማንም" ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን።

"የላሎ ናቸው" አሉ አባት። "ማታ እደውልልሻለሁ።" ይህች የመጨረሻዋ ቃል ግን የሰላምታ አልነበረችም።

እልልታው ሲቀልጥ ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ዳር ይዞ ቆመ። እማማ ግን አልቸኮሉም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን እንደገና አጠፉ። ሰንበቴ አለፈ፣ አጣዬ አለፈ፣ ወደ ውጭ ያየ ሰው የለም። ከሚሴ ልንገባ ስንል ዓይናቸው ተገለጠ። "አምስትና ሦስት ስምንት። ስምንት ቤት ናችሁ። ተጋቡ።"

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጣርማ በር ላይ የተከለከሉት ሁለት ወጣቶች ከሚሴ ላይ ታጭተው ተገኙ። በመካከሉ እነሱን የጠየቀ የለም። አንዷ ሴትዮ ድፎውን እኔ እደፋለሁ አሉ፤ አንዱ በግ ቃል ገባ፤ ባለመነጽሩ ሽማግሌ ሆነው ለመላክ ፈቃደኛ መሆናቸውን አሳወቁ። ልጁና ልጅቷ ከእፍረት ብዛት በየፊናቸው አንገታቸውን ደፉ፤ እገዳው ላይ እያሉ ይሻላቸው ነበር። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ረዳቱ፣ "ሙሽሮች ግቡ!" እያለ ነበር። የአፋሩ ሰው ብቻ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። "ስምንት? ይኼን ያህል ከተራራቃችሁማ ምን ያደርግላችኋል?" አለ።

ኮምቦልቻ ላይ ልጁ ወረደ። የአፋሩ ሰው በባቲ በኩል ሊሄድ ወረደ። እማማም ባልዲያቸውን ይዘው ከመውረዳቸው በፊት የልጅቷን ስልክ ቁጥር ለልጁ፣ የልጁን ለልጅቷ፣ የሁለቱንም ለራሳቸው አስመዘገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንተንም ስጠኝ። አንተንም ዝም ብዬ አልተውህም።" ሰጠሁ።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ።

"አገኘሁት" አሉ እማማ። "ያንተን። እስከ ሰባት ድረስ አስቆጥሬዋለሁ፤ ወረቀት አምጣና ጻፍ።"

ጻፍኩ። ስለ ወጣቶቹም ጠየቅኳቸው። ልጁ በየእሑዱ ደሴ ይወጣል አሉ፤ ከኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ስለሆነ አይከብደውም። የልጅቷ አባት ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ ተቆጥተው፣ ኋላ ግን እሳቸውም ቁጭ ብለው ቆጥረው፣ ስምንት መሙላቱን አረጋግጠዋል።

"ጎሽ" አልኩ።

"ታዲያ ያንተ ዘመዶች ብዙ ናቸው" ሲሉ ቀጠሉ። "ደጋግ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ልጆች ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሷቸው አዲስ አበባ ይመጣሉ። አንዱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይመጣል። ሳሎን ቢሆንም ግድ የላቸውም ብያለሁ።"

ልጆቹ በእርግጥም ጨዋዎች ናቸው፤ ሳሎኑ ስለተያዘ ይህን የምጽፈው ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ወደ ደሴ የምትሄዱ፣ ትዳር ያልያዛችሁ ወይም ትርፍ ክፍል ያላችሁ አንባቢዎች፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። በአውሮፕላን የተዋወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ባዳ ናቸው።