ጳጉሜ የማን ናት?

ቤት ለማከራየት ላሰበ ሰው መካሪ አይጠፋም። ቀብድ ሳትቀበል ቁልፍ አትስጥ፤ ውሉን በጽሑፍ አድርገው፤ ሰውየው ከመግባቱ በፊት በሩንና መስኮቱን ፎቶ አንሳ፤ ለተቀበልከው ሁሉ ደረሰኝ ቁረጥ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለናኩሩም ለሐዋሳም ይሠራል። ሞያሌ ላይ፣ ያውም በኬንያው በኩል፣ አከራዩም ተከራዩም ሐበሻ ሲሆኑ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበትን ነገር አንድም መካሪ አላነሳልኝም፦ ወሩ የማን ወር ነው?

ጣጣው የሚመጣው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ተከራዬ የነሐሴን ከፍሏል። ነሐሴ ወጣች፤ እኔም ብቅ እላለሁ። "ጋሼ፣ አሁን እኮ ጳጉሜ ነው" ይለኛል በትሕትና። እውነቱን ነው፣ በጳጉሜ ደሞዝ የለም፣ በጳጉሜ ኪራይ የለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሜጋ ያለ አከራይ ይህን ያውቃል፣ አፉንም ይዞ መስከረምን ይጠብቃል። እኔ ግን ቤት የሠራሁት ጳጉሜ የሚባል ወር በሌለበት አገር ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መኪና እንኳ ኬላውን ሲያልፍ የቀኝ መስመሩን ትቶ ግራውን ይይዛል። ተከራዬ ብቻ በያዘው መስመር ይነዳል።

በያዘው ቢነዳማ ምን ነበረበት! ጳጉሜን በሐበሻ አሳልፎ፣ ኦክቶበር ሲመጣ ፈረንጅ ይሆናል። ኦክቶበር 31 ቀን አላት፤ በትርፏ ቀን እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ዲሴምበርም እንዲሁ፣ ጃንዋሪም እንዲሁ። ፌብሩዋሪ ስትደርስ ግን 28 ቀን ተኝቶ የሙሉ ወር መክፈሉ አንጀቱን ይበላዋል። "እኛ እኮ የካቲት ነው የምንለው ጋሼ" ብሎ ወደ ሠላሳ ቀን ይሻገራል። ፓስፖርት አይጠየቅ፣ ቪዛ አይጠየቅ።

ይህን ለባለ ሱቁ ጎረቤቴ ባጫውተው እስክሪብቶ አነሳ። በፈረንጅ ዓመት ባለ 31 ወሮች ሰባት ናቸው፤ ፌብሩዋሪ ከሠላሳ ሁለት ትጎድላለች፤ ከሰባት ሁለት ሲነሳ አምስት። "ይኸውልህ ጳጉሜህ! እነሱ በየወሩ በትነዋታል፣ እናንተ ሰብስባችሁ መጨረሻ ላይ አስቀመጣችኋት። በየትኛውም ብትቆጥር በዓመት አሥራ ሁለት ኪራይ ነው።" በ2015 ጳጉሜ ስድስት ሆና ለተከራዬ አንድ ሌሊት ተመረቀለት ብል፣ ያችን ደግሞ ከወራት በኋላ ፌብሩዋሪ 29 ሆና አካካሰችው ብሎ አፌን ያዘኝ። ሒሳቡ ልክ ነው። ሒሳብ ልክ ሲሆን እንዴት እንደሚያናድድ የሚያውቀው ግን ገንዘቡን ያላገኘው ሰው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ የቦረና ሽማግሌ በዚህ ጨዋታ መሃል ገቡ። ቦረናዎች የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ ቆጣሪዎቹ፣ አያንቱዎቹ፣ ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ቀኑን ያውቃሉ። ሳምንት የሚባል ነገር የለም። ቀኖቹ ሃያ ሰባት ስሞች አሏቸው፤ ወሩ ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ ስለሚሆን ስሞቹ አልቀው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ በወሩ ማብቂያ የመነሻዎቹ ስሞች ይደገማሉ። ዓመታቸው 354 ቀን ግድም ነው። ይህን ስሰማ የአከራይ ልቤ ዘለለ። አሥራ ሁለት ኪራይ በ354 ቀን! በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ታተርፋለህ፤ ሦስት ዓመት ብትታገሥ ከአንድ ሙሉ ወር በላይ ይሆንልሃል። ከፀሐይ ይልቅ በጨረቃ ማከራየት እንደሚሻል ለምን እስካሁን አልተነገረንም? ሽማግሌው ግን ሳቁብኝ። እሳቸው አቆጣጠሩን የሚፈልጉት ለሥርዓታቸው ነው፤ ለቆርቆሮ ቤት ኪራይ ጨረቃ ማየትን እንደ ውርደት ቆጠሩት መሰለኝ።

የሚገርመው በሰዓት ተጣልተን አለማወቃችን ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ቀኑን ከንጋት ይጀምራል፤ የኛ ሁለት ሰዓት የእሱም ሁለት ሰዓት ነው። ሰዓት ላይ የተስማማ ሕዝብ ወር ላይ ምን ነካው?

እንግዲህ ውል ይጻፍ። በማዶው ሕግ ይጻፍ ብንል፣ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። እኛ ያለነው ወዲህ ነው። ወዲህ ደግሞ ተከራይ ኪራይ ቢያቋርጥ በሩ ላይ ቁልፍ ደርበህ ሬዲዮኑን ይዘህ መውጣት የለም፤ የዕዳ ዕቃ መያዝ የራሱ ሕግ አለው፣ ሥራውም ፈቃድ ላለው ሐራጅ አስፈጻሚ የተተወ ነው። የዓመት ኪራይህ ከ288,000 ሺሊንግ ካለፈ ከ2024 ጀምሮ ሰባት ነጥብ አምስት በመቶ ግብር አለብህ፣ በቀጣዩ ወር እስከ 20ኛው ቀን። 20ኛው ቀን በማን አቆጣጠር ብለህ ብትጠይቅ የሚስቅልህ የለም። ኤምፔሳም መልእክቱን በፈረንጅ ቀን ነው የሚልከው፤ ጳጉሜን አያውቃትም።

ስለ ተከራይ ይህን ሁሉ ካልኩ፣ የኛንም የአከራዮቹን ጉድ ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በብር ተዋውለው ሲያከራዩ የነበሩ፣ እዚሁ አብረውኝ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች፣ በማግሥቱ ሺሊንግ ወዳድ ሆኑ። ማዶ እየሠራ በብር ደሞዝ የሚበላን ሰው "ከዛሬ ጀምሮ በሺሊንግ፤ ካልሆነ ቤቴን ልቀቅ" አሉት። ውሉስ? "ኧረ ምን ውል አለ፣ በቃል ነው የተነጋገርነው!" ለአምስት ቀን ጳጉሜ ሰውን ሌባ የሚሉ አፎች ናቸው ይህን ያሉት። ተከራይ ቀን ሲመርጥ ተንኮለኛ፣ አከራይ ገንዘብ ሲመርጥ ነጋዴ! ተከራዩ የመረጠው ቢበዛ ጥቂት ሌሊት ነው፤ እነሱ የመረጡት የሰው ግማሽ ደሞዝ ነው። ከሥራ ሲመለስ ዕቃው ግቢ ወጥቶ የጠበቀው ሰው አለ። ይህን ያደረገ ሰው ጳጉሜን በአፉ ባይጠራት ይሻላል።

መስመሩ መቼም ለሚመቸው ነው። በሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ አዋጁ የሚሠራው እስከ ኬላው ነበር፤ ያኔ ወዲህ ቤት የነበረው ሰው ፈረንጅ መሆኑን እንዴት እንደወደደው መገመት አያቅትም።

የኔው ተከራይ፣ እውነት ለመናገር፣ ክፉ ሰው አይደለም። ስታመም ልጁን ሾርባ አስይዞ ልኳል፤ ለቅሶ ስንቀመጥ ድንኳኑን የተከለ እሱ ነው። ለመጪው ውል አንድ መስመር አዘጋጅቻለሁ፦ "ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው፤ ጳጉሜ በነፃ።" አነበበና "ሠላሳ አንደኛዋስ?" አለኝ። ጎረቤቴን እንጠይቅ ብለን ተነሳን። ሱቁ ሳንደርስ ግን ሮቶው ባዶ መሆኑን ሚስቱ ተጣርታ ነገረችን፤ ውሃ በጀሪካን የሚገዛው ማን ነው የሚለው ደግሞ በውሉ ላይ የለም። እሱ የአከራይ ነው ይላል። እኔ የጠጪው ነው እላለሁ።