ምን ሠርቶ ሊበላ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ውሻ የጨዋነት ፈተና ይቀመጣል። የአሜሪካን ኬኔል ክለብ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ፈተና 10 ክፍል አለው፤ ያለፈ ውሻ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ሜሪላንድ ያደገችው የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኛ ዘንድ ልታሳልፍ መጥታ፣ ሌላው ዘመድ በርበሬና ሽሮ ስለማስፈጨት ሲያስብ፣ እሷ ቦቢን ለዚህ ፈተና ካላበቃሁ አለች።

ቦቢ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ የአዲስ አበባ ግቢ ውሻ ነው። በፈተናው የመጀመሪያ ክፍል እንግዳ ሰው መጥቶ ባለቤቱን ሲያነጋግር ውሻው ዝም ብሎ ማየት አለበት። ይህን የሰማው ዘበኛችን «ታዲያ ልጄ፣ ምን ሠርቶ ሊበላ ነው?» አላት። ሁለተኛው ይብሳል፤ እንግዳው እጁን ዘርግቶ ይደባብሰዋል፣ ውሻው ንቅንቅ አይልም። በዚህ ከተማ ሰው ውሻ ፊት ጎንበስ የሚለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ለማንሳት። ድንጋይ ባይኖርም ማጎንበሱ ይበቃል። ቦቢ እሷ ጫማዋን ልታስር ስታጎነብስ እንኳ ዘሎ ከመኪናው ሥር ይገባል።

የእህቴ ልጅ እንደምትለው፣ ውሻ ገመድ የሚጎትተው ጠግቦ ሳይሆን መጎተቱ ስለሚያዋጣው ነው። ሳብ ባደረገ ቁጥር ሊያሸተው ያሰበው ምሰሶ ዘንድ ከደረሰ ነገ ለምን ይተዋል? ስለዚህ ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሲላላ መሄድ፤ ከጉልበቷ ጎን ሲገኝ ቁራጭ ቅቅል ሳንባ ወዲያው ማጉረስ። ዘግይቶ የመጣ ጉርሻ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ አይገባውም።

ነገሩ ያልገባው ሰፈሩ ነው። እሷ መንገድ መሐል ቀጥ ስትል ሕፃኑም ጎልማሳውም ከቦ ይቆማል። አንዱማ «እንግፋልሽ?» አላት።

ቦቢን ያልሠለጠነ ማለት ግን ሐሜት ነው። በር ላይ ክላክስ ሲሰማ ጅራቱን ይቆላል። በእግሩ የመጣ ላይ ይጮኻል፤ ጆንያ ያዘለ ቆራሌው ከሆነማ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። ፓቭሎቭ የምግብ ምልክት ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያዝረበርብ ያሳየው በቤተ ሙከራ ነበር፤ እኛ ከበረንዳ ሆነን በነጻ አስተምረናል። ከመኪና የሚወርደው ሰው አጥንት በፌስታል ይዞ ይገባል። ቆራሌው ላይ ሲጮኽ ደግሞ «ጎሽ ቦቢ!» የሚል አይጠፋም፤ ከምሳ የተረፈም ይወረወርለታል። ያውም ወዲያው፣ ልክ እሷ እንዳለችው።

ይህን ስታይ ሳንባውን ለራሱ ለቆራሌው አስያዘችው። መጀመሪያ ከሩቅ እየወረወረ፣ ቦቢ ዝም ባለ ቁጥር ትንሽ እየቀረበ፣ ኋላ በእጁ። ክረምቱ ሳይወጣ ቦቢ «ቆራሌ!» የሚለውን ጥሪ ከቅያሱ ሲሰማ ለሃጩ መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ቀን ቆራሌው ገመዱን ሲይዝለትማ፣ ለእሷ ያላደረገውን አደረገ፤ ከጉልበቱ ጎን ሳይለይ፣ ገመዱ እንደላላ፣ ሰፈሩን በጨዋ ደንብ ዞረ።

ዘበኛችን በር ላይ ቆሞ አያቸውና፣ «እንግዲህ ማታም የእሱን ጆንያ ይጠብቅ» አለ። «ለእኔ ሌላ ውሻ ይገዛልኝ፤ ያልተማረ።»