ጠብ የራቀው ገና

ያለፈው ገና በቤቴ ፍጹም ሰላም ሆኖ አለፈ። ይህን የምናገረው ለምስጋና አይደለም፤ ለአቤቱታ ነው። ልጆቼ መጡ፣ ምራቶቼ መጡ፣ የልጅ ልጆቼ መጡ። በልተው ጠጥተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ «አባባ፣ እንኳን አደረሰዎ» ብለው ጉልበቴን ስመው ሄዱ። አንድ እንኳ ያኮረፈ የለም። እኔ ባደግሁበት ቤት ሰው ሳያኮርፍ ገና አለፈ ቢባል ጎረቤት «ምን ነክቷቸው ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይመጣ ነበር።

ድሮ ጠቡ የሚጀምረው ከጾሙ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሽሮና ጎመን፣ ተልባና ሱፍ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ አባቴ ከጥላው ጋር ይጣላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ዘግቶ የዋለ ሰው ሲከፍተው የሚወጣው ምርቃት አይደለማ! ዛሬ የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ የጾም ፒዛ አለ። ጾሙ ራሱ ጠግቦ ይውላል። የጠገበ ሰው በምን ይቆጣል?

በዘመነ ዮሐንስማ ጠቡ እጥፍ ነበር። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነውና፣ ጳጉሜን የጨመረችውን ቀን ታኅሣሥ ይከፍላል። ታላቅ እህቴ ግን «ልደት አይሸራረፍም!» ብላ በ28 ዶሮ አላርድም ትል ነበር። መንደሩ ሲገድፍ እሷ ሽሮዋን ታማስላለች። ቄሱ ይጠራሉ፣ ባሕረ ሐሳብ ይቆጠራል፣ ድምፅ ከፍ ይላል። ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኩን ያወጣና «አባባ፣ ጃንዋሪ 7 ነው» ይለኛል። የአንድ ሳምንት ጭቅጭቅ በአንድ አውራ ጣት ጠፋ።

ቅርጫውስ? በሬው በጋራ ይገዛል፣ ሌሊት ይታረዳል፣ ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም እኩል ይደረጋል ይባላል፤ እኩል ሆኖ ግን አያውቅም። ከዚያ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ስንጥር ለዕጣ ይሰጣል፤ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ዓመት ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ለአባቴ አጥንት የበዛበት መደብ ደረሰውና እስከ ጥምቀት አላናገረኝም። ዛሬ ልጄ ከሉካንዳ በኪሎ አስመዝኖ በላስቲክ ይዞ ይመጣል። ከሉካንዳ ቤት ጋር ምን ጠብ አለ? ዋጋውን ሲነግሩህ ድምፅህ ይጠፋል።

አሥራ ሁለት ብልት ያለው ዶሮ የቤታችን ሕገ መንግሥት ነበር። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ክንፍና አንገት የልጅ ነው። ማን ምን እንደሚደርሰው የታወቀ ነው፣ ማን እንደሚያኮርፍም እንዲሁ። ባለፈው ገና ድስቱን ከፍቼ ባይ እግር ብቻ ነው፤ ምራቴ ተቆራርጦ የታሸገ ገዝታ። ዘጠኝ እግር ቆጠርኩ። «ልጄ፣ ይህ ዶሮ ነው ወይስ መቶ እግር?» ብላት፣ «አባባ፣ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ብዬ ነው» አለችኝ። በሽታው ይኸው ነው! ሁሉም እኩል ከደረሰው ማን ያኮርፋል?

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ጨዋታው ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እንዞራለን። ጨዋታውም ዱላውም ገና ነው ስማቸው። የቤተ ልሔም እረኞች የልደቱን ዜና ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል፤ እኛም እነሱን ተከትለን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሆነን ጥንጓን ስንለጋ እንውላለን። ዳኛ የለ፣ የተጫዋች ቁጥር የለ፣ ሰዓት የለ፤ የሚያስቆመን የጀምበር መጥለቅ ብቻ ነው። ጥንጓን ልመታ ብሎ የጭቃ ሹሙን ቅልጥም ያገኘ ገበሬ አይጠየቅም፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው መቆጣት ነውር ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ብድር በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በቅልጥም በቅልጥም ይመለሳል። ማታ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል፤ ተሰዳቢውም የሰዳቢውን ጠላ እየጠጣ የባሰ ግጥም ይመልሳል። በማግሥቱ አብረው ያጭዳሉ። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው «አባባ፣ ይህማ ሆኪ ነው» ይሉኛል። ሆኪ! ሆኪ ዳኛ አለው። የልጅ ልጆቼ ደግሞ የገና ዕለት ኳስ የሚጫወቱት በስልክ ነው። ቅልጥማቸው ላይ አንድ ጠባሳ የለም፤ እኔ የልጅነቴን ገናዎች ቅልጥሜ ላይ ቆጥሬ አሳያለሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ጥዱ የፕላስቲክ፣ በረዶው የጥጥ ነው። በእኛ አገር በረዶ በክረምት ጣራ ይደበድባል እንጂ በታኅሣሥ ፀሐይ ቅርንጫፍ ላይ አይተኛም። ባዛር ውስጥ የገና አባት የሚሉትን ሰውዬ ቀይ ካፖርት ደርቦ ላቡ በጥጥ ጢሙ ሲንጠባጠብ አይቼ አዘንኩለት። እሱም የጠብ ጠላት ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ስጦታ ያድላል። እኛ ለአንዲት ጥንግ ስንት ወንድማማች ተደባድበናል!

ጠዋት ከላሊበላ ቤዛ ኩሉ ሲተላለፍ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከአለቱ ጫፍ ላይ ሆነው ሲያሸበሽቡ ማየት እወዳለሁ። ድሮ አንዱ ይህን፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ዘፈን ካላየሁ እያለ በአንድ ቴሌቪዥን እንፋጅ ነበር። አሁን ሁሉም በየስልኩ አቀርቅሮ ቴሌቪዥኑን ለእኔ ተወልኝ። ማንም ያልተሻማውን ነገር ማየት ምን ደስ ይላል?

ዋሽንግተን ያለችው ልጄ ጭራሽ ሁለት ገና አላት። በፈረንጆቹ ሥራ ዝግ ነው፤ በእኛው ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ትውላለች። በቪዲዮ ደውላ ድስቱን ገልጣ ወጧን ታሳየኛለች። ሽንኩርቱ አልበሰለም እንዳልል አልቀመስኩት፤ «ቆንጆ ነው» ብዬ እዘጋለሁ። ሁለት ገና፣ አንድም ጠብ የለም!

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ብነግራት «ሰላም ሲበዛብህ ታመምክ እንዴ?» አለችኝ። አልታመምኩም። ሰው በገና የሚጣላው የሚጋራው ነገር ስላለው ነው፤ አንድ በሬ፣ አንድ ዶሮ፣ አንዲት ጥንግ። ለየራሱ የታሸገለት ሰው ከማን ጋር ይጣላል፣ ከማንስ ጋር ይታረቃል? ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ ታኅሣሥ 29 ቤቴ ነኝ፤ ዱላውን ይዞ ይምጣ። በ2020 ግን ዘመኑ ዮሐንስ ስለሆነ በ28 ይምጣ። በዚህም የሚከራከረኝ ከተገኘ፣ ፈረሰኛውን ለእሱ እለቃለሁ።