የሌለችው ባለቤቴ

ሜሪላንድ ውስጥ የሴት ጫማ ሊገዛ የወጣ ሐበሻ ወንድ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሚስት ናት። ገንዘቡ በኋላ ይደረስበታል።

እኔ ሚስት የለኝም። ያለኝ የሴት ልብስ መልበስ የሚወድ ልብ፣ በወንድ ቁጥር 10 ተኩል የሆነ እግርና ከአባቴ የወረስኩት ትከሻ ነው። ቅዳሜ ማታ ሌላው ኳስ ያያል፣ ሌላው ካርታ ይጫወታል፤ እኔ መጋረጃዬን ዘግቼ ቀሚሴን እለብሳለሁ፣ ባለ ታኮ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ ሻዬን አፈላለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ረጅም መልስ ይጠብቃል። ደስ ስለሚለኝ ነው፤ በቃ። ወግ የሚወጣው ግን ከመልበሱ ሳይሆን ከመግዛቱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የኖረ ያውቀዋል። መኪና የሚያቆምልህ ሐበሻ፣ ቡና የሚቀዳልህ ሐበሻ፣ መድኃኒት የሚሰጥህ ሐበሻ፣ ካሸሯም ሐበሻ። ባለ ታኮ ጫማ ታቅፎ እዚያ ሰልፍ ላይ መቆም እናቴ የማርያም ማኅበር ያወጣች ቀን ጉርድ ቀሚስ ለብሶ እንደ መግባት ነው። ባለቤቴም የተወለደችው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። ካሸሯ ፊቴን አየችና “ሐበሻ ነህ አይደል?” አለች። ነኝ አልኩ። “ለማን ነው?” ስትል አፌ ቀደመኝና “ለባለቤቴ” አልኩ።

ሚስት ብሎ ዝም የለም። ቁመቷ? እንደኔ። ትከሻዋ? እንደኔ። እግሯ? 12 ቁጥር። ካሸሯ ጫማውን አገላብጣ አየችና “እግዚአብሔር ያቆይልህ” አለችኝ፤ እሷን ነው ወይስ እግሯን ነው እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ በየሱቁ ኑሮ ጨምራለች። ኮሌጅ ሳለች ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። ነርስ ናት፣ ሌሊት ሌሊት ነው የምትሠራው፤ በዚህ ሰበብ ማንም አይቷት አያውቅም። ሐበሻ ሽሽት ፍሬድሪክ ድረስ ነድቼ ነበር፤ ካሸሩ የጎንደር ልጅ ሆኖ ተገኘና ለሚስቴ ሻሽ መረቀልኝ።

በሱቅ ውስጥ የሚዋሸው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም።

ቀሚሶቹን እዩ። አሜሪካኖች በ1939 እና በ1940 (ዓመቱን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የአገሩን ሴቶች ሜትር ይዘው ለኩ፤ ወደ 15,000 የሚጠጉ። ነጭ ያልሆኑትን ቢለኩም ከሒሳቡ አወጧቸው። ከዚያ መነሻ በ1958 አንድ ወጥ የቁጥር ደረጃ ወጣ፤ በ1983 ደግሞ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው እንደ ልቡ ነው። ደንበኛዋን ለማስደሰት ጨርቁን እያሰፋ ቁጥሩን ያሳንሳል፤ ያኔ 12 የነበረው ዛሬ 6 ምናምን ሆኗል፣ ከዜሮም በታች ድርብ ዜሮ የሚባል አለ። ስለዚህ እኔ በአንዱ ሱቅ 16፣ በሌላው 20፣ በሦስተኛው ደግሞ “ትልቅ” ነኝ። ለካሸሯ አንዲት ሚስት ብፈጥር ምን ይደንቃል? ፋብሪካው ከአንድ ወገብ ሦስት ሴት ያወጣል።

ኪሱም እንዲሁ ነው። በ2018 አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ቡድን 80 ጂንስ ሱሪዎችን ለክቶ የሴቶቹ የፊት ኪስ ከወንዶቹ በአማካይ 48 በመቶ እንደሚያጥር አሳይቷል። አንዳንዱ ቀሚስ ላይማ ኪሱ ጨርሶ የለም፤ ክዳኑ ብቻ ተሰፍቶበት ያፌዛል። ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ቦርሳና ግማሽ ሳንድዊች በሱሪ ኪስ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና ስልኬን የት ላድርገው ብዬ ስቆም፣ ሴቶች ለምን ቦርሳ እንደሚይዙ ገባኝ። እህቴ ይህን ስነግራት “አሁን ነው የገባህ?” ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

የመሞከሪያ ክፍሉ ነገር ራሱን የቻለ ነው። የሴት ቀሚስ ዚፕ ከኋላ ነው፤ የነደፈው ሰው ለባሿ ረዳት አላት ብሎ አስቧል። አንድ ቀን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ በራሴ በኩል አጠለቅሁ። አንገቴ አለፈ፣ ክንዴም አለፈ፤ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ገበሩ ቋጠረኝ። ወደ ላይ አልወጣ፣ ወደ ታች አልወርድ። ሁለት እጄ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ፣ ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከስር ካልሲዬና ሱሪዬ እየታዩ ቆሜ ቀረሁ። በር ላይ የምትጠብቀው ፈረንጅ “ጌታዬ፣ ደህና ነዎት?” አለች። “ደህና ነኝ” አልኩ ከጨርቁ ውስጥ፤ ሙሴ በጦርነቱ ቀን እጁን ዘርግቶ የዋለውን ያህል ደክሞኝ ነበር። ሙሴስ ክንዱን የሚደግፉለት ሁለት ሰዎች ነበሩት። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ስወዛወዝ ወጣልኝ፤ በብብቱ በኩል የሆነ ነገር ቀጨጭ አለ። ገዛሁት እንጂ ምን አደርጋለሁ!

ሙሴን ካነሳሁ አይቀር፣ ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ የሚለውን ዘዳግም 22ን ሊጠቅስልኝ የተነሳ ወንድም ይኖራል። አውቀዋለሁ፤ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ምዕራፉ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ወረድ ሲል ሱፍና በፍታ ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስም አይለበስ ይላል። ወንድሜ የሰርግ ኮቱን ገበር ገልጦ ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አንብቦ ይምጣና እንነጋገራለን። መንግሥትም ቢሆን በዚህ ነገር እጁን አስገብቶ ያውቃል፤ ሳን ፍራንሲስኮ በ1863 የተቃራኒ ፆታ ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣትን ከልክላ እስከ 1974 ድረስ ሕጉን ይዛው ቆይታለች። እኛ አገር ደግሞ ቴያትር ሲጀመር ሴቶቹን ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ጫማቸው ነው። ምን ብለው፣ ከማን ገዙት?

ጫማ ሁሉንም ያስከነዳል። የአሜሪካ የወንድ ቁጥር ላይ አንድ ተኩል ሲደመር የሴቷ ይመጣል፤ የኔ 10 ተኩል በዚህ ስሌት 12 ነው። ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም መደርደሪያው አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 11 ላይ ያልቃል። 12 ቢገኝ እንኳ ስፋቱ አለ፤ የወንድ ጫማ መደበኛ ስፋት ዲ ሲሆን የሴት ቢ ነው። በርዝመቱ የተቀበለኝ ጫማ በጎኑ ትንሿን ጣቴን ያባርራታል። ድሮ ፔይለስ የሚባል የጫማ ሱቅ ነበር። ዋጋው ርካሽ፣ የሴት ቁጥሩ እስከ 13፣ ሻጭ ሳይከተልህ ከመደርደሪያው ራስህ አንስተህ ትለካለህ። በ2019 አሜሪካ ያሉትን ሱቆቹን ሲዘጋ የኔ ቢጤዎች ሐዘን ተቀምጠዋል፤ ያስተዛዘነን ግን የለም። በኢንተርኔት እዘዝ የሚለኝም አለ። የቤት አከራዬ የመጣ ካርቶን ሳትነቀንቅ አትሰጠኝም።

የሴት ታኮ ደግሞ የወንድ ክብደት አስቦ አልተሠራም። እንግሊዝ አገር ኖርዝሃምፕተንሺር ውስጥ፣ ኧርልስ ባርተን በሚባል መንደር፣ ስቲቭ ፔትማን የሚባል ሰው ከቤተሰቡ የወረሰው የወንድ ጫማ ፋብሪካ ሊዘጋበት ሲል፣ ለወንድ እግር የሚሆኑ የሴት ቦት ጫማዎችን መሥራት ጀመረ። ቢቢሲ በ1999 ዘጋቢ ፊልም ሠራበት፤ በ2005 ሲኒማ ሆነ፤ በ2013 ብሮድዌይ ገብቶ የቶኒ ሽልማት ወሰደ። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት የአንዱን ጫማዬን ታኮ ወጥ ሳማስል ሰብሬዋለሁ። ቀጭ አለ፤ ማማሰያው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን መቱልኝ።

የሚያናድደው ደግሞ ታኮ መጀመሪያውኑ የወንድ መሆኑ ነው። የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው ከእርካብ እንዳይሾልክ ያደርጉት ነበር፤ ከእነሱ ወደ አውሮፓ መኳንንት ተሻገረ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ሠዓሊው ሪጎ በ1701 በሳለው ሥዕል ላይ ባቱን አሳይቶ በቀይ ታኮ ቆሟል። “ለባለቤትህ ነው?” ያለው የለም።

ወደ አንዲት እትዬ ልምጣ። ዊተን በሚገኝ አንድ የቅናሽ ሱቅ የጫማ ክፍል የሚሠሩ፣ ስድሳውን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የሸዋ ሴት ናቸው። አንድ ማክሰኞ ጥቁር ባለ ታኮ ጫማ ይዤ ከእጄ መዳፍ ጋር ሳለካካ ደረሱብኝ።

“ለባለቤቴ ነው፣ እትዬ።”

“ቁጭ በል።”

“እሷ እንኳን አሁን ሥራ ላይ...”

“ሰማሁ። ካልሲህን አውልቅ።”

ከወንበሩ ስር የብረት መለኪያውን ሳቡ። ያን ቀዝቃዛ፣ ተንሸራታች ምላስ ያለውን፣ ቻርልስ ብራኖክ የሚባል የሲራኪዩዝ ሰው በ1920ዎቹ የሠራውን። በዚያ ሱቅ ውስጥ እውነት የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ርዝመቱን ለኩ፣ ስፋቱን ለኩ፣ ከተረከዜ እስከ አውራ ጣቴ ሥር ያለውንም ለኩ፤ ባለ ታኮ ጫማ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው፣ እዚያ ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱ።

“12፣ ሰፊ። ለባለቤትህ ንገራት።”

ላቤ መጣ። እሳቸው ግን ካርቶን እየጎተቱ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። “እዚህ ስቆም ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ። ፈረንጁ ይመጣል፤ ለሃሎዊን ነው ይለኛል፤ በሚያዝያ! ያንተ ይሻላል፣ ሚስት ብለሃል።”

ከታወቀብኝ በኋላ የባሰ መጣ፤ ሐሳባቸውን ይሰጡ ጀመር። ለሌለች ሴት ሲሆን ሁሉም ያምርላት ነበር፤ ለኔ ሲሆን የሚያምር ጠፋ። “ይሄ ማሰሪያ አይሆንህም፣ ቁርጭምጭሚትህ ወፍራም ነው።” “ይሄ ሾጣጣ አፍ እግርህን ጀልባ ያደርገዋል።” “ቀዩን ተው፣ ቀይ የሚያምረው ባት ላለው ነው።” ባቴን በሰው ፊት ሲያጣጥሉት የመጀመሪያዬ ነው። ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ልል ስል ቅርጫት ኳሱን ለሚስቴ እንደሰጠኋት ትዝ አለኝና ተውኩት።

ተከራክረን አንድ ጥቁር ላይ ተስማማን፤ ታኮው ወፍራም፣ አፉ ክብ፣ 55 ዶላር። አድርጌው በሁለት መደርደሪያ መሀል ሄድኩ ተመለስኩ፤ እትዬ እጃቸውን አጣምረው አረማመዴን አዩ።

“ጥሩ ነው። ተረከዝህን ቀድመህ አሳርፍ። በዚህ ጫማ ግን ባቡር ጣቢያው ኤስካሌተር ላይ እንዳትወጣ።”

የዊተን ባቡር ጣቢያ ኤስካሌተር 70 ሜትር ነው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ እሱን የሚያህል የለም ይባላል፤ በደህና ጫማም ያስፈራል።

“ኧረ እኔ ውጭ አልወጣበትም እትዬ፤ ቤት ውስጥ ነው።”

ዝም ብለው አዩኝ። ሚስቴን ስፈጥር ያልተቆጡት፣ ካልሲዬን ሳወልቅ ያልደነቃቸው ሴትዮ ፊታቸው ተለወጠ።

“55 ዶላር? ከሳሎን ማድ ቤት ለመሄድ?”

ጫማውን ከእጄ ወስደው ካርቶኑን ከደኑና ቅናሽ የሚል ቢጫ ወረቀት ወደተለጠፈበት ጥግ እየመሩኝ ሄዱ።