ለኦሎምፒያ ኮብላይ ዘግይቶ የደረሰ ምክር

«አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚለው መፈክር የሚሰጥዎት ሁለት ምርጫ ብቻ መሆኑን አይዘንጉ። እርስዎ ልብ ውስጥ ያለው ሦስተኛው ነው፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይም እጅ አይወጣበትም። እንግዲህ ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው እንበል። የኦሎምፒያ ሰፈር ነዋሪ ነዎት። የአባትዎ ሁለተኛ ቤት በሐምሌ 1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሶ ኪራዩ ለቀበሌ ይከፈላል። አብሮ አደግዎን ቀይ ሽብር ወስዶታል፤ እናቱ ጮክ ብለው እንኳ አላለቀሱም። ለመሄድ ቆርጠዋል። ምክሬን ይስሙ።

በቅድሚያ፣ ወደ ቦሌ አይመልከቱ። ከበርዎ ወጥተው ቀጥ ቢሉ ወሎ ሰፈርን አልፈው አውሮፕላን ማረፊያው በእግርዎ እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ግን መውጫ ቪዛ ይጠየቃሉ፤ መውጫ ቪዛው ደግሞ ዋስና ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ ንጹሕ የአብዮት ታሪክ ይፈልጋል። አቋራጩ በጎንደር በመተማ አድርጎ ሱዳን መግባት፣ ወይም ከለገሐር በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ የጅቡቲን በረሃ በሌሊት በእግር ማቋረጥ ነው። ሞያሌም አለ። ለጎረቤት «ለቅሶ ልደርስ ነው» ይበሉ፤ ሻንጣ ግን አይያዙ፣ ለቅሶ በሻንጣ አይደረስም። ጋቢ ይበቃል።

ከተቻለዎት በረሃውን ይተዉና ባለሥልጣን ይሁኑ። (ምክሬ ዘግይቶ ስለደረሰ የኋለኛ ዘመን ምሳሌ ብጠቅስ አይፍረዱብኝ።) የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በ1978፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጎሹ ወልዴ በ1979 ለመንግሥት ሥራ እንደወጡ በዚያው ቀሩ። የሁሉም አርአያ ግን ጓድ ሊቀ መንበር ናቸው። ግንቦት 13 ቀን 1983 «ብላቴ ማሠልጠኛን ልጎበኝ ነው» ብለው ተነሡ፤ በናይሮቢ አድርገው ሐራሬ ገቡ። ምሥጢር መጠበቅ እንዲህ ነው! መፈክሩን ያስጮሁን ሰው ሦስተኛውን ምርጫ ከሁላችንም አሳምረው ተጠቀሙበት።

ካርቱም ደርሰዋል እንበል። አሜሪካ በ1972 የስደተኞች ሕግ አውጥታ በሯን ከፍታለች፤ ቃለ መጠይቅም ይቀርብልዎታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ጠያቂው «የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ?» ማለቱ አይቀርም። ደርግ ያሳደደዎት ኢሕአፓ ስለሆኑ ነው፤ ኢሕአፓ ደግሞ ማርክስን ከደርግ ቀድሞ አንብቦ፣ ደርግን «አልገባህም» ብሎ የተጣላ ፓርቲ ነው። ፖላንዳዊው ስደተኛ ኮሙኒዝም አንገሽግሾት ይሸሻል፤ ከእኛ ስንቱ የሸሸው ግን «ትክክለኛው ኮሙኒስት እኔ ነኝ» በሚል ጠብ ነው። ይህን በአስተርጓሚ ለአሜሪካዊ ለማስረዳት አይሞክሩ፤ ወረፋ የያዙት ወገኖችዎ ፀሐይ ላይ ናቸው። «ዴሞክራሲ ፈልጌ» ይበሉ። ውሸት አይደለም፣ ስለ ወዝአደሩ የሚቀጥለውን ክፍል ብቻ ይዋጡት።

ዋሽንግተን ሲገቡ የድሮው ጠብ አብሮዎት ይገባልና አዳምስ ሞርጋን ውስጥ እንጀራ ቤት ከመግባትዎ በፊት በመስኮት ይቃኙ። የተቀናቃኝዎ የመኢሶን ሰው ተቀምጦ ካዩ ጥብሱ ቢሸትዎም ይለፉ። ቀን ታክሲ ይንዱ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ይጠብቁ፤ ኢምፔሪያሊዝምን ለመጣል የሚጻፈውን በራሪ ወረቀት ኢምፔሪያሊስቱ በሰዓት እየከፈለዎት ለማርቀቅ ከፓርኪንግ ጎጆ የተሻለ ጸጥታ የለም። እርቅ ካማረዎት በጁላይ 4 ሰሞን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ። እዚያ የሚጣሉት በዳኛ ነው፤ ትልቅ እድገት ነው።

ሶፋ አይግዙ። ደርግ ለፋሲካ ይወድቃል፤ ለየትኛው ፋሲካ ብለው አይጠይቁ። ፍራሽ መሬት ላይ ይበቃል፣ የቤት ብድርም የከዳተኛ ነገር ነው። ልጆች በአማርኛ ጠይቀዋቸው በእንግሊዝኛ ቢመልሱልዎ አይደንግጡ፣ «ለጊዜው ነው» ይበሉ። ሦስተኛው ልጅ ሲወለድ ባለቤትዎ ሳያማክሩ ሶፋውን ይገዛሉ፤ ደርግም ይወድቃል።

ያኔ ወደ ኦሎምፒያ ይመለሱ። ለመውጣት ቪዛ የተከለከሉበት አገር አሁን ለመግባት ቪዛ ይጠይቅዎታል፣ ፓስፖርትዎ የአሜሪካ ነዋ። ከ1994ቱ አዋጅ ወዲህ ግን ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ስላለ እሱን ያውጡ። ሰፈሩን በደምበል ሕንፃ ይለዩት፤ በድሮው ምልክት ከፈለጉ አያገኙትም። የአባትዎን ቤት ለማየት ከሄዱ ደግሞ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፣ ተከራዮቹ በቀበሌ ቤትነት ከእርስዎ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረውበታል። «ይህ የእኛ ነበር» ብለው አይጀምሩ። ስኳርና ቡና ይዘው ይግቡ፣ ሲያፈሉልዎ እስከ ሦስተኛው ድረስ ይጠጡ።

የቤቱ ልጅ አጠገብዎ መጥቶ ይቀመጣል። እርስዎ ስለ ትግሉ ሊያጫውቱት ሲዘጋጁ እሱ ስለ ዲቪ ይጠይቅዎታል። «አገር ይሻላል» አይበሉት፤ ጫማዎን እያየ ነው። ፎርሙን ቀድሞ እንዲሞላ፣ ፎቶውንም መነጽሩን አውልቆ እንዲነሣ ይንገሩት።