የኮባ ዕዳ

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በግቢያችን ጥግ፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት በኩል፣ ሦስት እግር ኮባ ነበረን። እናቴ ለዓውደ ዓመት ድፎ ዳቦ ስትደፋ ቅጠሉን ቆርጬ የማመጣላት እኔ ነበርሁ። እሷ ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ለብ አድርጋ ታለሰልሰዋለች፤ ምጣዱ ላይ ታነጥፈዋለች፤ ሊጡን ትገለብጥበትና በሌላ ቅጠል ትሸፍነዋለች። ዳቦው ሲወጣ የቅጠሉ መስመር በጀርባው ላይ ታትሞ ይቀራል። ኮባ ማለት ለእኔ የዳቦ ልብስ ነበር። ልብሱ ራሱ ዳቦ መሆኑን የተማርሁት በጉልምስናዬ፣ ሆሳዕና ሄጄ ነው። የትምህርቱን ዋጋ ግን የከፈሉት አንዲት እናት ናቸው። ይህን ወግ የምጽፈውም ነገሩ እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው።

ታኅሣሥ 2011 ላይ አብሮኝ የሚሠራ የሀዲያ ልጅ "ና፣ አገሬን ላሳይህ፤ እናቴንም ትተዋወቃለህ" አለኝና አብረን ተነሣን። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡታጅራን አልፈን ወደ ወራቤ ስንቃረብ የመንገዱ ግራና ቀኝ በኮባ ተሞላ። ቤቶቹ ከጀርባው ስለሚቀመጡ ጭሳቸው እንጂ ጣሪያቸው አይታይም። እኔ "ኮባ" ባልሁ ቁጥር ጓደኛዬ "እንሰት በል" እያለ ያርመኛል። በሀዲይኛ ተክሉ ዌሳ፣ ከእሱ የሚገኘው ምግብ፣ ቆጮው፣ ደግሞ ዋሳ እንደሚባል ነገረኝ። ዌሳና ዋሳ። በጓሮ ያለውንና በገበታ ያለውን የሚለየው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ሆሳዕና ስሟን ከበዓሉ ከመውሰዷ በፊት ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዋ ዛሬም የሚጠራው በዚያ በጥንቱ ስም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ማለዳዋ ይበርዳል። በመሐሏ ባጃጁ ይራወጣል፣ ፎቁ ይሠራል። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ወጣ ሲሉ ግን ከየቤቱ ጓሮ ሰፋፊው አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ይላል። በማግስቱ በዶዮገናና በአንጋጫ አድርገን እስከ ዱራሜ ወረድን። ከከተማው በላይ ባለ 777 ደረጃው የሐምበርቾ ተራራ ቆሟል፤ ከግርጌው የከምባታ ገበሬ እንሰት ከጓሮ ጓሮ ሳይቋረጥ ይሄዳል። በመንገድ ዳር ገበያ ሴቶች ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በራሱ በእንሰቱ ቃጫ አስረው ይሸጣሉ። ዕቃው፣ መጠቅለያውና ማሰሪያው ከአንድ ተክል የወጡ ናቸው።

የጓደኛዬ እናት የሚኖሩት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሌሞ በኩል ነው። አማርኛቸው ትንሽ ስለሆነ ልጃቸው ይተረጉምልናል፤ እኔን ሲጠሩኝ ግን በአማርኛ "ልጄ" ይላሉ። በደረስን በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ይፍቁ ነበር። ተክሉ ሲቆረጥ እንደ ግንድ ያየሁት ነገር አንዱ ባንዱ ላይ የተጠቀለለ የቅጠል እጀታ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዷ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ እጀታውን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ትዘረጋለች፤ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ ጫፉን በተረከዟ ትይዛለች፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ሥጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ እጇ ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው። ሌላዋ ከመሬት በታች የነበረውን ወፍራም ሥር ጥርስ ባለው እንጨት ትቀጠቅጣለች። ሦስተኛዋ የተፋቀውን ትጨምቃለች፤ ውኃው ሲጠል ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የቀረው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ተከድኖና ድንጋይ ተጭኖበት ይብላላል። በየጊዜው ይከፈታል፣ ይገላበጣል፣ ቅጠሉ ይቀየራል። ሴቶቹ መድረሱን የሚያውቁት በማሽተትና በመዳፋቸው ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ቆጮ ነው፤ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል።

ማታ ቀደም ብሎ የደረሰ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን። ቀጥሎ አታካና መጣ፤ ከቡላ የሚሠራ፣ ቅቤ የጠጣ፣ ለመስከረሙ ያሆዴ በዓልና ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ የሀዲያ ምግብ ነው። እኔ ክቡር እንግዳ ተብዬ በላሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስበላ ትዝ ያሉኝ ከዓመታት በፊት ሻሸመኔ ያገኘኋቸው ከጃማይካ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከአገራቸው የናፈቃቸው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "የዳቦ ዛፍ" አሉኝ። የዛፉን ፍሬ እሳት ላይ ጣል አድርገው ቅርፊቱ እስኪጠቁር ይጠብሱታል፤ ሲልጡት ውስጡ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሆናል። እዚህ አገር አንድ ቁራሽ ቅቅል አሚቾ ሲቀርብልኝ ናፍቆቴን ያስታግሥልኛል አሉ። አሚቾ ያው የእንሰቱ ሥር ነው። በዘር አይገናኙም፤ የዳቦው ዛፍ የእኛ የሾላና የዋርካ ዘመድ ሲሆን እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። በሙያ ግን ወንድማማቾች ናቸው። የፓስፊክ ደሴት ሰዎችም የዳቦ ዛፉን ፍሬ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ እየቀበሩ አብላልተው ለክፉ ቀን ያስቀምጡት ነበር። የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ በውቅያኖስ መሐል፣ አንዱ በደጋ ተራራ ላይ፣ ረኀብን ለማሸነፍ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ቆፍረዋል።

የዳቦው ዛፍ ጃማይካ የደረሰበት ታሪክ መራራ ነው። እንግሊዞች ለሸንኮራ እርሻ ባሮቻቸው ርካሽ ምግብ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1787 ካፒቴን ብላይን ባውንቲ በምትባል መርከብ ወደ ታሂቲ ላኩት። ከ1,000 በላይ ችግኝ ጭኖ ሲመለስ በሚያዝያ 1789 መርከበኞቹ አመፁበት፤ ችግኙም ባሕር ተጣለ። ሁለተኛው ጉዞ ተሳክቶ ዛፉ በ1793 ጃማይካ ገባ። ባሮቹ ግን መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን አዞሩበት። ችግኝ በመርከብ ይጫናል፤ ፍቅሩና ሙያው አይጫንም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንሰትን ሥሎ፣ በጎንደርና ከጣና በስተደቡብ ምዕራብ ባለው አገር ሰው እየተከለ ይበላው እንደነበር ጽፏል። ያ አገር የእኔ አገር ጎረቤት ነው። ተክሉ እኛ ዘንድ ዛሬም አለ፤ ሙያው ጠፍቶ ቅጠሉ ብቻ ቀረን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህ ነው። የዱር እንሰት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ይበቅላል፤ አልምቶ የዕለት ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ወገናችን ኑሮውን የመሠረተው በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት "ረኀብን የሚከላከል ዛፍ" ብሎ የጠራው ያለምክንያት አይደለም። ዝናብ ቢዘገይ በአንድ ክረምት አይሞትም፤ ዘንድሮ ያልተቆረጠው ለከርሞ ይቆያል። ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት ይመግባል ይባላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለጉድጓዱ ቅጠል ያስፈልግ ነበር። ቅጠል መቁረጥ የልጅነት ሥራዬ ስለሆነ "እኔ ላምጣ" ብዬ ገጀራውን አነሣሁ። ከጓሮው ዳር አንድ እንሰት ለብቻው ቆሟል። የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን እሾህ ተከምሮበታል፤ እኔ ከአጥሩ የወደቀ መሰለኝና አነሣሁት። ከዚያ ደረቅ ቅጠሎቹን ቆራርጬ ተክሉን አጸዳሁ። ከቆረጥሁበት ላይ ቢጫማ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ወጣ። ገጀራውን በሣር ጠረግሁት። ጤነኞቹ ዘንድ ሄጄ ከሰባት እግር ላይ የሚያምር የሚያምረውን ቅጠል ቆርጬ ተሸክሜ መጣሁ።

እናቲቱ ቅጠሉን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ዓይናቸው ገጀራው ላይ ሲያርፍ ግን ፈገግታው ጠፋ። ስለቱ ላይ ያ ቢጫ ነገር ደርቆ ነበር። ወደ ጓሮው ሄዱ፤ የተነሣውን እሾህ አዩ፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ገጀራውን ከእጄ ተቀብለው ምድጃው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በቀስታ አንድ ነገር ተናገሩ። ጓደኛዬ ወደ መሬት እያየ ተረጎመልኝ፤ "ስንቶቹን ነካህ?"

ያ ተክል ታሞ ነበር። እሾሁን የከመሩበት እሳቸው ናቸው፤ ከብት እንዳይግጠው፣ ሰውም እንዳይነካው፣ የሚቀብረው ሰው እስኪመጣ። በሽታው የእንሰት አጠውልግ ይባላል። ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ ለይተው ለዓለም ያሳወቁት ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ባልደረባቸው ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። በኋላ ሙዝ ላይም ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የሙዝ አገሩን አመሰው። የሚፈውሰው መድኃኒት የለም። እንደ ወላይታው ማዚያ ያሉ ጠንከር የሚሉ ዝርያዎች ቢኖሩም ፈጽሞ የማይያዝ አልተገኘም። የታመመውን የነካ ቢላ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ሥሩ ድረስ ያስገባዋል። የእኔ ገጀራ ያንን ሥራ ሰባት ጊዜ ሠርቷል።

ሚያዝያ ላይ ጓደኛዬ ደወለልኝ። አራቱ መሐላቸው ቢጫ ሆኗል አለኝ። የአምስት ዓመት እንሰቶች ነበሩ፤ ሊደርሱ አንድ ሁለት ዓመት የቀራቸው። አምስት ዓመት ሙሉ እበት የተሸከሙላቸው፣ ከቦታ ቦታ እያዛወሩ የተከሏቸው እኒያ እናት ናቸው። አታካና ያበሉኝን ሰው ቤት ረኀብ ይዤ እንደገባሁ ያን ዕለት ገባኝ።

ግንቦት ላይ ገንዘብ ይዤ ሄድሁ። እናቲቱ አልቀበልም አሉ። "ገንዘብ አይበቅልም፤ አካፋ ያዝ" አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከልጃቸው ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን የታመሙትን ከነሥራቸው ነቅለን ቀበርን። አካፋውንም ገጀራውንም በእሳት አሳለፍን። በተከታዩ ዓመት ጥር እንደገና ጠሩኝ። ከጤነኛው ጓሮ አንድ ስስቀላ የሚሉትን ዝርያ መርጠው ከላይ ቆረጡት፤ የሥሩን እምብርት ፈልፍለው አወጡ፤ ጉድጓዱን በአፈርና በእበት ሞልተው መልሰው ቀበሩት። እምብርቷ የወጣላት እናት ተክል ዙሪያዋን ታቆጠቁጣለች። ከወራት በኋላ ስመጣ ከዚያች አንዲት ሥር ዙሪያ የበቀለውን ቆጥሬ ስልሳ ላይ ደከመኝ። እያንዳንዱ ለብቻው እየተነሣ ይተከላል። አራቱን በእጄ እንድተክል ፈቀዱልኝ።

የኪው ዕፅዋት ተቋምና የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እንሰት ቢስፋፋ በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሕዝብ ሊመግብ ይችላል ብሏል። በዚያ ከልቤ አምናለሁ፤ ጎጃም ጓሮም እንዲመለስ እመኛለሁ። ግን ባውንቲ ችግኝ እንደጫነችው ተጭኖ አይደለም። ፋቂዋ፣ ጨማቂዋ፣ የጉድጓዱን ሽታ የምታውቀው፣ እሾህ ለምን እንደሚከመር የምታስተምረው ሴት አብራ ትምጣ። ባለሙያዋ እሷ ናት፤ አበልም ክብርም ለእሷ ይገባል። ያለ እሷ እንሰት የዳቦ ልብስ ሆኖ ይቀራል።

እስከዚያው በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በየትም ጓሮ እንሰት ካየህ የምለምንህ ሦስት ነገር ነው። መሐሉ ቢጫ የሆነውን አትንካ። የተከመረ እሾህ አታንሣ። ቅጠል ከመቁረጥህ በፊት የቤቱን እናት ጠይቅ፤ ቢላህንም በእሳት አሳልፍ። ደብረ ማርቆስ ያሉት ሦስቱ ኮባዎች ዛሬም አሉ። እኔ የእነሱን ቅጠል እንኳ ስቆርጥ መጀመሪያ ምድጃ ዘንድ እሄዳለሁ።