ሐምሌ ላይ የጠፋው ዝናብ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ወርቅን ሳያልፍ አይቀርም። የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ የግብርና ባለሙያ የሆነ የአጎቴ ልጅ አለ። ጤፍ መቼ ቢዘራ ይሻላል ለሚለው የዘወትር ክርክር የሚረዳ የወረዳውን የዝናብ ታሪክ በቁጥር እያሰባሰበ ነበር። ኮምፒውተር ስለምነካካ «ጋሼ፣ ድረስልኝ፣ ቁጥሩ አብዷል» ብሎ ደወለልኝ።

ሄጄ ሳየው እውነትም የሚያስደነግጥ ነው። ሰንጠረዡ በሐምሌ መካከል፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት፣ ደብረ ወርቅ ላይ የዘነበው ዜሮ ነው ይላል። ቡና ሊጠጡ የገቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀኑን ሲሰሙ ተቆጡ። «ልጄ፣ ያን ሰሞን እኮ ወንዙ ሞልቶ ከብቱ ማዶ ነው ያደረው! ዝናብ የለም ያለው ማነው?»

መረጃው የሚመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ሳንታ ባርባራ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ጋር ሆኖ ቺርፕስ የሚባል የዝናብ መዝገብ ያዘጋጃል። የሳተላይት ምስልን ከመሬት ጣቢያዎች ልኬት ጋር አዋህዶ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየቀኑ የዘነበውን አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ ካሬ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ለሁሉም በነጻ። ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ይጠቀምበታል። ፊውስ ኔት የተቋቋመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ሰባ ሰባት የምንለው ረሃብ ካስነሳቸው ነገሮች አንዱ። የዚህ መዝገብ መጉደል አንጀቴን የሚበላኝም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ሳተላይቱን ነበር። የጮቄ ተራራ ደመና አሳስቶት ይሆን? የተሳሳተ ቦታ አንብበን ይሆን? በዚህ ስንብሰለሰል መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። በመጨረሻ ሰንጠረዡን ትተን የአንዱን ቀን ፋይል በካርታ ከፈትነው። ሰሃራ ደርቋል፣ እንደ ወጉ። ሱዳን ጠብ ጠብ ብሏል። ጎንደር ዘንቧል። ከዚያ በገመድ የተለካ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር፤ ከመስመሩ በታች ጎጃም፣ ሸዋ፣ ኬንያ፣ እስከ ኬፕ ታውን ድረስ ሁሉም ዜሮ።

ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቺርፕስ የአፍሪካ ካርታ 1600 ረድፍ አለው፤ ከሰሜን 40 ዲግሪ ጀምሮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ደብረ ወርቅ 586ኛው ረድፍ አካባቢ ላይ ትገኛለች። ፋይሉ ደግሞ ታምቆ ነው የሚላከው። የሰሃራ ዜሮ ሲታመቅ ብዙም ቦታ አይፈጅም፤ በሐምሌ ደቡባዊ አፍሪካም ደረቅ ስለሆነ እንዲሁ። አብዛኛውን ባይት የሚይዘው ዝናብ ያለበት መካከለኛው ቀበቶ፣ የእኛው አገር የሚገኝበት ነው። ስለዚህ በክረምት ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የሚዘንብበት ቦታ ነው። ይህን ስንረዳ ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን።

ፋይሎቹን የሚያወርደው ስክሪፕት በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጣ ነው። ፋይሉን ከርል በሚባል የማውረጃ ፕሮግራም ያወርዳል፣ የታመቀውን ይፈታል፣ ያነባል፤ ያልተነበበውን ረድፍ በዜሮ ይሞላል። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ በዚያ ስም ፋይል ካገኘ «አለ» ብሎ ያልፈዋል። ከርል እኮ ተናግሮ ነበር! ፋይል ሳያልቅ ሲቋረጥበት 18 ቁጥርን መልሶ ነው የሚወጣው። የሚሰማው አጣ እንጂ።

ያደረግነው ይህ ነው። የሚወርደው ፋይል መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይቀመጣል። ሰርቨሩ የነገረን መጠንና የደረሰን መጠን እኩል መሆናቸው ይታያል። ቀጥሎ የማመቂያው ፕሮግራም ጂዚፕ ራሱ እንዲፈትሸው ይደረጋል፤ የጂዚፕ ፋይል የመጨረሻዎቹ 8 ባይቶች የማረጋገጫ ቁጥርና የዋናውን መጠን ስለሚይዙ፣ ጭራው የተቆረጠ ፋይል ይህን ፈተና አያልፍም። ትክክለኛ ስሙን የሚያገኘው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ሲቋረጥ ከዜሮ መጀመር የለም፤ ከቆመበት ባይት እንዲቀጥል እንጠይቃለን። ሰርቨሩ 206 ብሎ ከመለሰ ቀሪውን ብቻ ልኳል፣ ይቀጠላል። 200 ካለ ግን ሙሉውን እንደ አዲስ እየላከ ነው፤ ያን ከአሮጌው ግማሽ ጋር መቀጠል ከግማሹም የባሰ ፋይል ይወልዳል። ባዶ ረድፍም ከእንግዲህ «መረጃ የለም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ያልዘነበበት ቀንና ያልታወቀ ቀን ለገበሬ አንድ አይደሉም።

ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲላላ፣ የተጠረጠሩት ሁሉ እንደገና ወረዱ። ሐምሌ ሞላ። ሽማግሌው ያሉት ሰሞንም ከወሩ ከፍተኛ ዝናብ ካላቸው ቀናት አንዱን ይዞ ተገኘ። አሁን ወደ ሰኔ ዞረናል፤ የጤፉ ክርክር ዋናው ያለው የዝናቡ አገባብ ላይ ነውና።

የአጎቴ ልጅ ግን ስልኩን አላስቀመጠም። ያው ስክሪፕት ሌሎች ወረዳዎችም ደርሷል፤ ለሚያውቃቸው ባለሙያዎች አንድ በአንድ እየደወለ «የሐምሌን ፋይሎች በጂዚፕ ፈትሹልኝ፣ ዛሬውኑ» ይላቸዋል።